ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት

(በሐዋሳ ለክረምት በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀ የትውውቅ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ጥቂት ቦታ ብቻ ታርሟል።)

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁ አልደረሰኝም፤ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? እንደገና፦ እንደምን አደራችሁ! ተባረኩ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ መምህራን፣ ለክረምቱ ሥራ የተመዘገባችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ በዚህ ዝናብ ቅዳሜ ማለዳ ከብርድ ልብስ ወጥቶ እዚህ መድረስ ቀላል ነገር አይደለምና አመሰግናችኋለሁ።

አዘጋጆቹ «ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ሌሎች ወጣቶችን ስለ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ስለሚያስተምሩበት መንገድ ተናገሪ» ብለውኛል። ርእሱን ትናንት ማታ ለእናቴ ብነግራት «ደግሞ ምን ሥራ አገኘሽ?» አለችኝ። «ሥራ አይደለም እማዬ፣ በነፃ ነው» ስላት ይበልጥ ደነገጠች። አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ሳደርገው የኖርኩት ነገር መሆኑን እያወቀች ነው እንዲህ የምትደነግጠው።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛው ትምህርቱ ከየት እንደሚጀመር ነው። ሁለተኛው በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ነው። ሦስተኛው ስለ ቅዳሜ ነው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ስንደርስበት ይገባችኋል። በመሀል መንገድ ከሳትኩ ታገሡኝ፤ አባቴ «አንቺ ገበያ ተልከሽ በለቅሶ ቤት በኩል ነው የምትመለሺው» ይለኛል።

እሺ፣ አንደኛው። ከየት ነው የሚጀመረው?

እኛ የጀመርነው ከተሳሳተ ቦታ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሃያ ሦስት ሆነን ተነሣን። ካናቴራ አሳተምን፣ ባነር አሠራን፣ ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ዘመዳችን ፕሮጀክተር ተዋስን። የመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ ተማሪ መጣ። ምን አስተማርናቸው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቼ ተመሠረተ፣ ዋና ዋና አካላቱ ስንት ናቸው፣ የካናዳ ዋና ከተማ ማን ትባላለች። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ መጡ። በሦስተኛው ሰባት። ከሰባቱ ሁለቱ ዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ነበሩ፤ ሲያባራ ወጥተው ሄዱ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጥ የከረመ ልጅ ቅዳሜም ሊገለብጥ ይመጣል እንዴ?

እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲሁ ስንንገታገት ቆየን። ያዳነን የዘይት ጀሪካን ነው።

ፋሲካ አልፎ ኢድ ሊደርስ ነው፤ ሚያዝያ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.። ያን ሰሞን ዘይት እንዴት እንደነበር እናቶች አትረሱትም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አንድ ሰዓት ያህል አርፍዶ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በእጁ እንዳንጠለጠለ ገባ። ሲነጋጋ ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነበር። ወለሉ ላይ ቢያስቀምጠው የሚሰረቅበት ይመስል ጠረጴዛው ላይ፣ እኔና እሱ መሀል ዘጭ አደረገው። ያን ቀን ያዘጋጀሁት ትምህርት ስለ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ነበር። ነገር ግን የክፍሉ ዓይን ሁሉ ጀሪካኑ ላይ ነው። እኔም ማስታወሻዬን አጠፍኩና «ይኼ ከየት መጣ?» አልኩ።

«ከሱቅ» አሉ።

«ሱቁስ ከየት አመጣው?»

አንዷ ተነሥታ ጀሪካኑን አዙራ የተለጠፈበትን አነበበች። ማሌዥያ ይላል። ማሌዥያን ካርታው ላይ ፈለግናት። ከጎኗ ኢንዶኔዥያ አለች። ይህን የሚረጋውን ዘይት፣ ማለትም የፓልም ዘይትን፣ በዓለም ላይ አንደኛ የምታመርተው ኢንዶኔዥያ ናት፤ ማሌዥያ ሁለተኛ ናት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ይይዛሉ። ታዲያ ምን ነካቸው? ወደ ኋላ ሄድን። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬን ገባች። ዩክሬን ደግሞ የሱፍ ዘይት ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ ነበረች። የሱፍ ዘይት ከጥቁር ባሕር አልወጣ ሲል፣ እሱን ይገዛ የነበረ አገር ሁሉ ወደ ፓልም ዘይት ዞረ። ዋጋው ሰማይ ወጣ። ነጋዴው ወደ ውጭ መሸጡ ስላዋጣው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለራሷ ለአምራቿ አገር እናቶች ዘይት ጠፋ፤ ተሰለፉ፤ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። መንግሥታቸውም ያ ልጅ ጀሪካኑን ይዞ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 20፣ ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። እገዳውን ያነሣው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ያን ጠዋት አላውቀውም ነበር፤ ውሸት አልነግራችሁም። ግማሹን ከስልክ እያነበብን፣ ግማሹን ሳምንቱን አጣርተን በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ያሟላነው። ነገር ግን ያ ልጅ፣ አገጩን ጀሪካኑ ክዳን ላይ እንዳስደገፈ፣ «ታዲያ እዚያም ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ እንደኔ ያለ ልጅ አለ ማለት ነው?» አለ።

አለ! አለ እንጂ! ከጥቅምት ጀምሮ ስለ ዓለም አቀፍ ትስስር ስንለፈልፍ ከርመን ማናችንም እንዲህ አድርገን አልተናገርነውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ መምህራኑ እንዳይቆጡኝ። የዘይቱን መወደድ በሙሉ በኢንዶኔዥያና በዩክሬን ላይ ማላከክም ቅጥፈት ነው። የራሳችን የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ፣ መጋዘን ቆልፎ የሚጠብቅ ነጋዴ አለ። ይህንንም ልጆቹ ናቸው ያነሡት፤ የአንዱ አጎት ባለ ሱቅ ስለሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። «ውጭ ነው ያመጣብን» የሚል ትምህርት ልጆቹን ሰነፍ ያደርጋቸዋል፤ «ሁሉም የራሳችን ጥፋት ነው» የሚለውም እንዲሁ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው ከባዱ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ እያስመጣን መማር ጀመርን። ቡና መጣ። የሲዳማ ገበሬ በእጁ ለቅሞ ያደረሰው የቀይ እሸት ዋጋ ኒውዮርክ ላይ በሚነገረው የአረቢካ ዋጋ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አየን፤ ሐምሌ 2013 ብራዚል ላይ ውርጭ የቡናውን ዛፍ ሲያቃጥለው ያ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ አየን። በሌላ ቅዳሜ አንዲት ልጅ ዕቃ ሳይሆን እኅቷ የላከችላትን የድምፅ መልእክት ይዛ መጣች። እኅቷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ከሃያ ዓመት በላይ ዶላሩ በ1,507 ሊራ ታስሮ የቆየ ነው፤ ከዚያ ግን ተንኮታኮተ። ልጅቷ እንዲህ ስትል አስረዳችን፦ «ደመወዟን አልቀነሱባትም። ያው ነው የሚሰጧት። ያው ሆኖ ነው ያለቀባት።» ኢኮኖሚክስ የተመረቀ ባልደረባ ነበረን፤ እሱ ለሁለት ቅዳሜ ያቀደውን ትምህርት በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችበት። አጨበጨበላት።

እንግዲህ እለምናችኋለሁ፤ ዓለምን ተሸክማችሁ ወደ ልጆቹ አትሂዱ፤ ተሸክመውት ነው የሚመጡት። እስኪያስቀምጡት ጠብቁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ቋንቋ።

ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እኛ ሲልኩ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ እንዲለምዱ ነው የሚልኩት። እውነቱን እንነጋገር፤ እኛም መጀመሪያ እንዲያ ነበርን። ስለ ዓለም ጉዳይ ሲነሣ አፋችን ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ ከረባት ያሰርን ይመስል ወገባችን ይቀናል። እንግሊዝኛ አልጠላም፣ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። አዳራሹ ፈረንሳይኛ ይሰማል። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ፉጨትና ጩኸት ሲያወርዱባቸው ዝም ብለው ጠብቀው፣ በአማርኛ ቀጠሉ። አገር በጠፋበት ቀን፣ ዓለም ሁሉ እየሰማ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ በአማርኛ ተነግሯል! ዛሬ ሐዋሳ ላይ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ «ሳንክሽን» ካላልን አይገባውም?

ስለ ማዕቀብ እናውራ። አንድ ቅዳሜ ይህችን ቃል ማስረዳት አቃተን። መጽሐፉ ላይ ያለውን አነበብን፤ ልጆቹ አፈጠጡብን። ከኋላ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ እሳት እንዳይጫርለት፣ ውኃ እንዳይቀዳለት ማለትሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አባባ፣ እሱን ነው! መንደር የከፋውን ሰው በእድርም በለቅሶም ሲለየው እንደሚያደርገው፣ አገሮች አገርን ይለያሉ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ከዚያ ወዲያ ወደ ጄኔቫ ተመለስን። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ አልገባም፤ የስዊዝ ካናልም ለመርከቦቿ አልተዘጋም። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «እሳት ከልክለው ማገዶ ሰጡታ» አሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ማዕቀብ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ፈልጌ አላገኘሁም።

በአማርኛ ብቻም አይደለም። ይህ ሐዋሳ ነው። በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ የሚቀናው ልጅ በሚቀናው ይናገር፤ ጎረቤቱ ይተርጉምለት። የሚተረጉመው ልጅ ሁለት ጊዜ ይማራል።

ሌላው ቋንቋ ደግሞ ጨዋታ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ዐሥራ አምስት ወንበር አለው፤ አምስቱ ቋሚ ናቸው። ይህን በቃል ከምትነግሯቸው ዐሥራ አምስት ወንበር ደርድሩ። እኛ ደረደርን። ለአምስት ልጆች ቀይ ወረቀት ሰጠን፤ እንደ ቋሚዎቹ አባላት፣ ከአምስቱ አንዱ እንኳ ካነሣት ውሳኔው ይወድቃል። ለውሳኔ የቀረበው ጉዳይ የዓመቱ መዝጊያ ምሳ ነበር፦ ዓሣ ይሁን ወይስ ሽሮ? ውሳኔ ለማለፍ ዘጠኝ ድምፅ ይበቃል። ዐሥራ አራት እጅ ለዓሣ ወጣ። ሐዋሳ ነው እንግዲህ! አንዲት ቀይ ወረቀት የያዘች ልጅ ግን ጾም ላይ ነኝ ብላ ወረቀቷን ከፍ አደረገች። ወደቀ። ዓሣው ወደቀ! «ዐሥራ አራት ለአንድ?» እያሉ ወንበር ላይ ቆሙ። ጩኸቱ በረድ ሲል አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ ወደ ልጅቷ ተጠግቶ «ከድንች ጋር ቢሆንስ?» ሲል ሰማሁት። ዲፕሎማሲ ተጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ጥያቄ የመጣው። ከአምስቱ ቀይ ወረቀት ለአፍሪካ ስንት ደረሳት? አንድም። ኢትዮጵያስ? ሦስት ጊዜ ተለዋጭ አባል ሆናለች፤ የመጨረሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 እና በ2018 ነው። «ታዲያ እዚያ ምን እንሠራለን?» አለችኝ አንዷ። ምን ትሏታላችሁ? እኔ የአፍሪካ ኅብረት ቋሚ ወንበር እንዲሰጥ እየጠየቀ መሆኑን ነገርኳት። ፊቷን አይቼ እንዳልበቃት አወቅሁ። እኔንም አልበቃኝም። እንደዚያው ተለያየን፤ እንዲህም ይሆናል።

አሁን ሦስተኛው። ቅዳሜ።

ሃያ ሦስት ሆነን ጀመርን ብያችኋለሁ። ኅዳር ላይ ስንት ቀረን? አምስት። ካናቴራው ሃያ ሦስት፣ ሰው አምስት። ማንንም አልወቅስም፤ አንዱ ሥራ አገኘ፣ አንዷ አገባች፣ አንዱ ደግሞ ፎቶ መነሣት ብቻ ነበር የፈለገው፤ ተነሣ፣ ሄደ። የተረፍነው አምስታችን አንድ ቃል ተገባባን፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሩ ይከፈታል። አንድ ልጅ ቢመጣም ይከፈታል። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ባጃጅ እንኳ አላስቆም ብሎ ሁለት ልጆች ብቻ መጡ፤ ወንድምና እኅት፣ አንድ ፌስታል ለሁለት ራሳቸው ላይ ደፍተው። በዚያ ቀን በቀይ ባሕር አፍ ስላለው የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያና ስለ ጅቡቲ ወደብ ተማርን፤ ፌስታሉ ራሱ በየት በኩል እንደገባ። እኅትየው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ሆና ተቀምጣለች። አላስነሣትም፤ ታፍራለች።

የበሩ ነገር በሌላም በኩል ይነሣል። በሩ ክፍት ይሁን ስል እውነተኛውን በር ነው። ወላጆች «ፖለቲካ ነው ወይ?» ብለው ይፈራሉ፤ ቢፈሩም አልፈርድባቸውም። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ስታስወጣ፣ እኅቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ «እኅቴን ምን ያውቋታል?» ብላ ጠየቀችን። እኛ አስተማሪ ተብዬዎቹ እርስ በርሳችን ተጣላን! በልጆቹ ፊት! ጦርነት ላይ ነን፣ ሁላችንም ቁስል አለን፤ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ተጯጯኽን። ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ከሕይወቴ የማፍርበት ቅዳሜ እሱ ነው።

ከዓመት በኋላ ያንኑ ጉዳይ እንደገና አነሣነው። በዚህ ጊዜ ሰሌዳውን ለአራት ከፈልነው። ሕጉ ራሱ ምን ይላል፤ እንደ አውሮፓውያኑ በ2000 የወጣ ነው፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ፣ ቅድመ ሁኔታም ያለው። አሜሪካ ለምን አስወጣሁ አለች፤ የሰብአዊ መብት ጥሰትን ጠቅሳ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ምን መለሰ፤ የሚጎዱት ሴቶችና ሠራተኞች ናቸው ብሎ። አራተኛው ክፍል ላይ እኅቲቱ ምን አጣች ብለን ጻፍን። እሱን ልጅቷ ራሷ ሞላችው፦ የቤት ኪራይ ድርሻ፣ የማታ ትምህርት ክፍያ፣ ለእናቷ የምትልከው። እኛ ምን እንደሚሰማን አልጠየቁንም፤ አልነገርናቸውም። ተጠይቃችሁ ካልቻላችሁም «አላውቅም፣ ለቅዳሜ አጣርቼ እመጣለሁ» በሉ። ብላችሁ ደግሞ አጣርታችሁ ኑ! ልጅ አለማወቃችሁን ይቅር ይላል፤ ቃል መብላታችሁን ግን አይረሳም።

ስለ ስልክ ብዙ ልል አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደብኝ። በአጭሩ፣ በቴሌግራም የመጣ የጦርነት ፎቶ ሁሉ የተባለው ጦርነት አይደለም። ከማስተላለፋችሁ በፊት መቼ፣ የት፣ ማን አነሣው በሉ። አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ሲሰማ ዜናው ካለቀ በኋላ «ሌላውስ ምን ይላል?» ብሎ መርፌዋን ያዞራት ነበር። በየኪሳችሁ ያለው ስልክ የሚዞር መርፌ የለውም፤ እናንተ ካላዞራችሁት የወደዳችሁትን ብቻ ያመጣላችኋል።

ልጨርስ ነው። በር አጠገብ መዝገብ አለ። ስማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ስንት ቅዳሜ እንደምትችሉ ቁጠሩ፤ አራት ከሆነ አራት ብላችሁ ጻፉ፣ ዐሥራ ሁለት ብላችሁ በሦስተኛው አትጥፉብን። ካናቴራ የለም፤ ዘንድሮ ገንዘቡን ለፎቶ ኮፒ አድርገነዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የሚመጣው ሳምንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ ሳሙናም ቢሆን፣ የባትሪ ድንጋይም ቢሆን፣ የተጻፈበት ያልተቀደደ ይሁን።

አዎ፣ ካርታውን ረሳሁት። ከአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት አስፈቅደን ያገኘነው ነው፤ ሶቭየት ኅብረት አለችበት፣ ኤርትራ ገና አልተለየችም፣ በ2003 ነፃ የወጣችው ደቡብ ሱዳንማ ጭራሽ የለችም። ልጆቹ አዲስ እንግዛ ሲሉ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት፤ ድንበሮቹን ራሳቸው በእርሳስ አስምረውበታል። ደቡብ ሱዳን ላይ ግን ጣት ሲበዛ መስመሩ ሊጠፋ ደርሷል። ማርከር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።